ጥጉ የተጣመመ የእንቁላል ካርቶን

ቂርያት ማላኪ፣ እ.ኤ.አ. የ1986 ፋሲካ ሲቃረብ

ውድ ማሪቱ፣

በደንቡ ከሆነ ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው። የአንቺን ጤና ግን ሳልጠይቅም አውቀዋለሁ። ጀምበሬ ሐሙስ ሐሙስ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ከገዴራ ወደ ሠፈራችን እንቁላል ሊሸጥ ሲመጣ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ማሪቱ ደህና ናት፤ ትንሽም ወፈር ብላለች» ይለናል። ደህና መሆንሽን ስሰማ ደስ ይለኛል። ወፈር ማለትሽን ግን ከእሱ አፍ ባልሰማው እመርጥ ነበር። እኔም ደህና ነኝ፤ ቅናት ከበሽታ ካልተቆጠረ።

የምጽፍልሽ ሁለት ነገር ልነግርሽ ነው። አንዱ በረንዳዬ ላይ ስለቆመች ዶሮ ነው፤ ሌላው ስለ ጀምበሬ ነው። ሁለቱም የሚጀምሩት ከያቭኔው ሠርግ ስለሆነ፣ ሳልወድ ወደዚያው ልመልስሽ ነው።

ይሁዲነታችንን ከተጠራጠሩት ረቢዎች ጋር ተጣልተን፣ ኢየሩሳሌም አደባባይ ላይ ከርመን በተመለስንበት ሰሞን ያገራችን ልጅ አማረች ተዳረች። በሕንፃዎቹ መካከል ድንኳን ተጥሎ የያቭኔ ሰዎች በረንዳቸውን ተደግፈው ቁልቁል ያዩን ነበር። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ወጥ በሚሠራበት በኩል፣ የእንቁላል ካርቶን ተቆልሏል። ገና ሳየው አወቅሁት። ቤኤር ቱቪያ ባለው የካርቶን ፋብሪካ እኔ የምቆምበት ማሽን እርጥቡን ወረቀት ጨፍልቆ ሲተፋው አንዱን ጥግ ትንሽ ያጣምመዋል። ፎርማኑ ፈታው፣ ገጠመው፣ ሰደበው፤ ጥጉ አልቃና አለ። በመጨረሻ «ቤሰደር፣ ይሁን፣ እንቁላል ጥግ አያይም» ብሎ ተወው። ስለዚህ የእኔ ካርቶን የትም ቢሄድ አይጠፋኝም።

ጎንደር ላይ ታሪክ አስተምር የነበርሁ ሰው፣ ያን ጊዜ በዚህ ካርቶን እኮራ ነበር። ምክንያቱ አንቺ ነሽ። አንቺ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የገበሬዎች መንደር፣ በሞሻቩ፣ ሉል በሚሉት የዶሮ ቤት ውስጥ ትሠሪ ነበር። ፋብሪካችን ለዚያ ሉል ካርቶን ያቀርባል። ጠዋት እኔ የነካሁትን ከሰዓት አንቺ ትነኪዋለሽ ማለት ነው። ብዙ የፍቅር መጽሐፍ ያነበበ ሰው ከዚህም የባሰ ነገር ያስባል፤ እኔ በካርቶን መወሰኔ ልከኛ ሊያሰኘኝ ይገባል።

በዚያ ሠርግ ማግሥት አጎቴ አያ ፈንቴ ሽማግሌዎች ይዞ ወደ አባትሽ ወደ አባ ቢሆነኝ ሊሄድ ተነጋግሮ ጨርሶ ነበር። እኔ ደግሞ ነገሩን በሰው ፊት ላሳምረው ብዬ ተነሣሁ። ከወጡ ውስጥ ትልቁን እንቁላል መርጬ፣ በእንጀራ ጠቅልዬ፣ መረቁ በክንዴ እየወረደ ዘረጋሁልሽ። አፍሽን ገጠምሽ። ለወጉ ነው ብዬ «በሞቴ» አልሁ። ደግሜም አልሁ። ይባስ ብለሽ መዳፍሽን አፍሽ ላይ አደረግሽ። እጄ አየር ላይ ቀረች። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው፣ ከበረንዳ የሚያየን የያቭኔ ሰው ጭምር፣ እጄን አየ። ምን ላድርግ፣ ራሴ ጎረስሁት። ትልቅ እንቁላል ነበር። እስክውጠው ድረስ ሁሉም በትዕግሥት ጠበቀኝ።

ከዚያ ጀምበሬ ከወዲያ በኩል ጎመን ጠቅልሎ ዘረጋልሽ። በላሽ። ጎመን፣ ማሪቱ።

አያ ፈንቴ እስከ ቂርያት ማላኪ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ መጣ። ከአውቶቡሱ ስንወርድ «በሰው ፊት ጉርሻህን ከመለሰች ልጅ ቤት ሄጄ ጺሜን አላዋርድም» አለኝ። ሽማግሌ የመላኩ ነገር እዚያው ፌርማታው ላይ ቀረ።

እኔም ጀምበሬን ማጥናት ያዝሁ። ከእኛ ጥቂት ዓመት ቀድሞ ወደዚህ አገር ስለገባ እዚህ የተወለደ ይመስለዋል። ወታደር ቤት የቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ጃኬቱ ግን እስከ ዛሬ በአገልግሎት ላይ ነው። ቀልድ ሲያወራ ከመጨረሱ በፊት ራሱ ይስቃል። የሚያናድደው፣ ሰውም አብሮት መሳቁ ነው። ይህ ሰው ምን እንዳለው፣ እኔ ምን እንደሌለኝ ሳወጣና ሳወርድ ከረምሁ። መልሱን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ፤ የሉሉ አውቶቡስ ከሚቆምበት ቦታ ጠብቄ ባገኘሁሽ ጠዋት።

«የመለስሁት እንቁላሉን ነው» አልሽኝ። «አንተማ ከእንቁላሉ ኋላ ነበርህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ። ጀምበሬ ወጡ ሲወጣ ፊቴን አይቶ፣ ምን ሆነሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ።»

እንግዲህ የምቀናበት ነገር ይኸው ነው። ጃኬቱ አይደለም፤ ጥያቄው ነው። እኔ ብዙ የማነብ ሰው ነኝ፤ ያንን ፊት ግን ሌላ ሰው አነበበው።

ከዚያ ነገርሽኝ። ዶሮዎቹ ክንፍ መዘርጊያ በሌለው የሽቦ ሳጥን ተጠጋግተው እንደሚኖሩ፣ መጣል እንዳያቋርጡ ሌሊቱ እንዳይመሽባቸው አምፖል እንደሚበራ፣ በጥበቱ ተናድደው እንዳይበላሉ ገና በጫጩትነታቸው የምንቃራቸው ጫፍ በጋለ ምላጭ እንደሚቆረጥ፣ ቆራጭዋም አንቺ እንደሆንሽ፣ ሽታው ከጠጉርሽ እንደማይለቅ። ሽታውን ቀድሞም አውቀው ነበር። ስለ ጨዋነት ብዬ ዝም ብያለሁ። ጀምበሬ ጨዋ ስላልሆነ ይህንንም ጠይቆሽ ይሆናል።

እኔ ግን በዚያ ጠዋት የተማረ ሰው መልስ መለስሁልሽ። አንቺ ባትቆርጪ ሌላ እንደሚቆርጥ፣ እኔም ካርቶን ከመሥራት በቀር በዚህ አገር አንዲት ዶሮ በዓይኔ እንዳላየሁ አስረዳሁሽ። አንቺ ሰምተሽ ስትጨርሺ እንዲህ አልሽ፤ «ምላጩን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ የሚያዘኝ ግን የእናንተ ድስት ነው። ባለ ሉሉ ክፉ ሰው አይደለም። ‹ነገ ልፈታቸው እችላለሁ፣ ሰው ግን ትልቁን፣ ንጹሑንና ርካሹን ካልሆነ አይገዛኝም› ይለኛል። ሰው የሚለው ማንን መሰለህ? አንተን ነው።»

«ዶሮዋ እኮ ስሜን አታውቅም» አልሁሽ።

ቀልድ መሆኑ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፤ ከቀልዱ ይልቅ እሱን መረጥሽ።

ከአባትሽ ጋር የተባባላችሁትን ደግሞ እናትሽ እማ ታንጉት ነግራኛለች። አባ ቢሆነኝ ሥራውን ልትተዪ መሆንሽን ሲሰሙ፣ «ሱዳን መንገድ ላይ ቅርፊቱን ብናገኝ እንበላው ነበር። አሁን ለዶሮ የሚታዘንበት ቀን መጣ?» አሉሽ አሉ። አንቺም፣ «ያን ጊዜ ስንራብ የሚያየን ሰው አልነበረም፣ አባየ። ቢኖር አይቶ እንዳያልፍ እንፈልግ ነበር። እኔ እያየሁ ነው» አልሽ። አባትሽ ያን ሰዓት መንገድ ላይ የቀረችውን ታናሽሽን እያሰቡ እንደነበር እማ ታንጉት አልነገረችኝም፤ መንገር አላስፈለጋትም።

አንቺም ሥራሽን ለቀሽ ገዴራ፣ አክስትሽ እትዬ አበዛሽ ዘንድ ገባሽ። ገዴራ ያን ያህል ሠፈር እያለ፣ የአክስትሽ ቤት ከጀምበሬ ግቢ ጋር አንድ አጥር መጋራቱን ማን እንዳዘዘው አላውቅም። ታሪክ አስተማሪ ስለነበርሁ በአጋጣሚ አላምንም። ጀምበሬ ደግሞ በዚያ ግቢ ዶሮ ያረባል። መሬት የሚጭሩ፣ አመድ የሚታጠቡ፣ ሲመሽ የሚመሽባቸው ዶሮዎች። የእነሱን እንቁላል እንደምትበዪ ለመላው ቂርያት ማላኪ የነገረው እሱ ራሱ ነው፤ ማስታወቂያ መሆንሽ ነው። የእኛ ሴቶች ያንን የጨቀየ እንቁላሉን ሐሙስ ሐሙስ ይሻሙለት ጀመር። በዶሮ የሚቀና ሰው አንብቤም አይቼም አላውቅም ነበር፤ በመስተዋት አየሁት።

ስለ ዶሮዎቹ አዝኜ ሉሉን ለማየት ሄድሁ ብልሽ ያምርብኝ ነበር። የሄድሁት ግን ጀምበሬ ያወቀውን እኔ ሳላውቅ እንዳልቀር ነው። ባለ ሉሉ ሽማግሌ ነው፤ ጆሮው ከባድ ነው። ገብቼ ስወጣ ለምን ከባድ እንደሆነ ገባኝ፤ የሺህ ዶሮ ጩኸት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። የነገርሽኝ ሁሉ እንደነገርሽኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልነገርሽኝም። በየሳጥኑ ፊት፣ እንቁላሉ ተንከባሎ በሚወጣበት በኩል፣ ጥጉ የተጣመመ ካርቶን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከዚያ ቦታ ስታይው የእኔ ካርቶን ልመና የወጣ እጅ ይመስላል።

መጣል ያቆሙትን የሚወስድ መኪና የመጣበት ቀን ነበርና ሽማግሌው አንዷን በእግሯ አንሥቶ «ለሾርባ» ብሎ ሰጠኝ። አንገቷ የተመለጠ፣ ምንቃሯ ዱልዱም። አውቶቡስ ላይ አቅፌያት ተቀመጥሁ። ወደ ቤት የወሰድኋት ልበላት አይደለም። ለምን እንደሆነ ግን ያን ዕለት ብትጠይቂኝ ለጀምበሬ መልስ ለመስጠት እንጂ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

በረንዳዬን ታውቂዋለሽ። ባስቀመጥኋት ቦታ ቆመች። በነጋታውም እዚያው። ጥግ እስከ ጥግ የእሷ ነው፤ ፀሐይ በወዲያ በኩል አለ፤ እሷ ግን ሽቦው የነበረበትን ልክ ታውቀዋለች። እህል አንገቷ ከሚደርስበት ካራቅሁት አትሄድበትም፤ እያየችው ትራባለች። ስለዚህ እኔ አቀርብላታለሁ። ከታች ያለችው ሞሮኳዊት ጎረቤቴ የማርዳት ለየትኛው ሰንበት እንደሆነ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች። አያ ፈንቴ ደግሞ መጥቶ ዙሪያዋን አያትና፣ «እንግዲህ ሽማግሌ የምንልከው ለዚች ቤተሰብ ነው?» አለኝ። እንቁላል መተዌንም ሰምቶ የያዝሁት ጾም የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የማሪቱ ነው አልሁት። «ፋሲካው መቼ ነው?» አለ። አላውቅም አልሁት።

አሁን ወደ ጀምበሬ እመጣለሁ፤ ስዞር የቆየሁት ከዚህ ለመሸሽ ነው።

ባለፈው ዓርብ እናትሽ የላከችልሽን በርበሬ ይዤ ገዴራ መጣሁ። በርበሬውን በሌላ ሰው መላክ ይቻል ነበር፤ ያንን እማ ታንጉትም ታውቃለች። በደህና ተቀበልሽኝ። ጀምበሬ እንደ ቤት ልጅ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል። እትዬ አበዛሽ እንቁላል ቀቅላ አቀረበች፤ እሱ ላጠ፣ ጨው ነካ አደረገበት፣ ግማሹን በእጁ አጎረሰሽ። ዓይንሽን ጨፍነሽ በላሽ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። የአክስትሽ ጣሪያ ጥሩ ጣሪያ ነው፤ አንድ ሥንጥቅ ብቻ አለው፤ ከመብራቱ እስከ መስኮቱ ይሄዳል።

ዶሮዎቹን ልይ ብዬ ወጣሁ። ልቤ ጥፋት ፍለጋ ነበር። ዶሮዎቹ ደስተኞች ናቸው፤ ይኸው ራሱ አናደደኝ። ደግሞ ጥቂት ናቸው። ለአንቺ፣ ለአክስትሽ፣ ለገዴራ ጎረቤትና ለሐሙሱ ቅርጫት የሚሆን እንቁላል ከእነዚህ ከወጣ እያንዳንዷ ለሁለት ነፍስ የምትጥል መሆን አለባት። ከማደሪያቸው ጀርባ ዞርሁ። ላስቲክ የለበሰ ነገር ገለጥሁ። ካርቶን ነው፤ እስከ ወገቤ። ጥጉን ማየት አላስፈለገኝም፤ አየሁት ግን። አጠገቡ ሳፋ አለ፤ ሳፋው ውስጥ ጭቃ፣ ኩስና ገለባ። ሳፋው ጠርዝ ላይ አንድ የሉል እንቁላል ተቀምጧል፤ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ የገጠር።

የደስታዬን መጠን ልገልጽልሽ አልችልም። አንድ ሰከንድ ሙሉ ንጉሥ ነበርሁ። ቀና ስል ጀምበሬ ቆሟል። አልካደም።

«ክረምቱ ሲገባ አቆሙ» አለኝ። «ቀን ሲያጥር ዶሮ ያርፋል፤ አምፖል ካላበራህበት። አምፖል ላበራ ነበር፤ ማሪቱ እንዳታይ ፈራሁ።»

«የለም አትላትም?»

«አጥሩ ላይ ቆማ፣ ዛሬስ አለ ወይ ስትልህ፣ አንተ የለም ትላት ነበር?»

በውሸቱ ሳይቀር ቀናሁበት፤ ልዋሽልሽ የምችልበት አጥር እንኳ የለኝም።

ለሌሎቹስ ብዬ ጠየቅሁት። ትከሻውን ነቀነቀ። «ሁሉም ያገር ቤት እንቁላል አምጣ አለኝ፤ ዶሮዎቼ ያው ናቸው። ጭቃ ሳስነካው ይሻሙታል፣ አይጠይቁኝም። የሚገዙኝ እንቁላሉን አይደለም፤ ጭቃውን ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አሁን ቀኑ ረዝሞ ዶሮዎቹ መጣል እንደጀመሩ፣ ከሰሞኑ የበላሽውም የእውነት የእነሱ እንደሆነ ነገረኝ። ዝም ካልሁ ነገሩ በራሱ ተስተካክሎ ያልፋል። ያቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ የበላሻትም የእውነቷ ነበረች ማለት ነው። ለእኔ ይህን ማወቅ ምንም አልጠቀመኝም።

«ብትነግራት ትተወኛለች» አለኝ። «ግን ያን ጊዜ ካንተ እጅ የምትጎርስ ይመስልሃል?»

አይመስለኝም። ጥያቄ መጠየቅ የሚችል ሰው ነው ብዬሽ የለ። አንተ ራስህ ንገራት፣ እስከሚመጣው ሐሙስ እጠብቃለሁ አልሁት። «ያላ፣ ሂድ» አለኝ። ሳይስቅ ሲናገር ያን ዕለት ገና አየሁት።

ሳምንቱን ሙሉ ራሴን ስመረምር ከረምሁ። ልንገርሽ የምለው ለእውነት ብዬ ይሁን ለቅናት እኔም አላውቅም። እውነቱ በቅናት እጅ ቢመጣም ሳታውቂ መብላትሽ ግን ትክክል አይደለም። በአንቺ የደረሰው በሌላው ሰው ሁሉ የሚደርሰው ነው፤ የሚበላው ከየት እንደመጣ አይነገረውም። ልዩነቱ አንቺ ጠይቀሽ መታለልሽ ነው፤ እኛ ሳንጠይቅ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛ ነኝ ብለሽ እንዳታለቅሺ። ሳታውቂ የበላሽው ያንቺ አይደለም። አውቀን የበላነው የእኛ ነው። አንቺ ምላጩን ያዝሽ፣ እኔ ካርቶኑን፣ ጀምበሬ ጭቃውን። ሦስታችንም ለበላተኛ ብለን ነው፤ በላተኛውም እኛው ሆነን ተገኘን።

ከእንቁላሉ ማሽን ወደ ሌላ እንዲያዛውረኝ ፎርማኑን ለምኜዋለሁ። አሁን የፖም ካርቶን ላይ ነኝ። ፖሙ ላይ ምን እንደሚረጭ ገና አልጠየቅሁም። እንደምጠይቅ ግን ታውቂያለሽ፤ አበላሽተሽኛል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ጀምበሬ ቅርጫቱን ይዞ አልመጣም። ሴቶቹ ደጅ ወጥተው እስኪመሽ ጠበቁት። ነግሮሽ ከሆነ ይህ ደብዳቤ ዘግይቷል፤ ድፍረቱንም ጨምሬ እቀናበታለሁ። ይቅር ብለሽው ከሆነ ደግሞ አትጻፊልኝ፤ ከሰው እሰማዋለሁ፤ ቂርያት ማላኪ እንደሆነች ወሬ አታሳድርም። አልነገረሽም ከሆነ ይኸው ነገርሁሽ።

ያቺ ዶሮ ላባ አውጥታለች። እንቁላል አትጥልም፤ የምታስብበትም አይመስለኝም። ትናንት ከሥራ ገብቼ ደክሞኝ ስለነበር ምስሩን በወጉ ሳላቀርብላት ራቅ አድርጌ አስቀመጥሁትና ተቀመጥሁ። አየችው። አየችኝ። አንድ እግሯን አነሣች። ያቭኔ ላይ የእኔ እጅ እንደቀረችው አየር ላይ ይዛው ቆየች፤ ልትመልሰው ነው ብዬ ነበር። ወደ ፊት አስቀመጠችው።

ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለሞሮኳዊቷ ብነግራት አታምነኝም። ስለዚህ መጥተሽ እያት። የማቀርብልሽ እንቁላል የለኝም። ምስር አለኝ። በእንጀራ ጠቅልዬ እጄን እዘረጋለሁ፤ በሞቴም አልልሽም። አፍሽን ብትገጥሚ ዶሮዋ ትበላዋለች፤ አሁን እስከ እጄ ድረስ መምጣት ትችላለች።

ጥጉ ያልቃናው፣
አገኘሁ